በእርቅ የተዘጋው ብሎግ

እሑድ፣ ማርች 12

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ማናለሽ ናት፤ በማትናሱ፣ በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ የማታ ትምህርት ያስተማረችን። "በየቀኑ ትንሽ ጻፍ፤ ማንም አያርመውም" አለችኝ። የማይታረም ከሆነ ጎበዝ መሆኔን ማን ያውቃል? እንግዲያው ራሴ ልናገር። በሁለት ዓመት የአማርኛውንም የዕብራይስጡንም ፊደል ጨርሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ከአሥራ አንድ ሰው። ሰባቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ሁለቱ የፈተናው ዕለት መነጽራቸውን ረስተው መጡ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ስሜ ቢምረው ነው። ዕድሜዬ አርባ ስምንት። እዚህ ኔታንያ፣ በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የሦስተኛው ሕንጻ "የቤት አባት" ነኝ። በዕብራይስጥ እንዲያ ነው የሚሉት። አምፖል የሚቀይር፣ የተደፈነ ሽንት ቤት የሚከፍት፣ ወንበር የሚቆጥር አባት። የምጽፈው በዕቃ ክፍሌ ውስጥ በባልዲና በመጥረጊያ መካከል ተቀምጬ፣ በዕረፍት ሰዓቴ ነው። ጸሐፊ ሁሉ የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል ይባላል። እኔ አለኝ፤ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል እንጂ።

ማክሰኞ፣ ማርች 14

ዛሬ የ304 ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ያለ እኔ ፈቃድ መለጠፍ ክልክል ነው። ልነቅለው ሄጄ አነበብኩት። ማንበብ እንዲህ ነው የሚያበላሽ፤ ድሮ ቢሆን ነቅዬ እሄድ ነበር።

የለጠፈችው ሐጊት ናት፤ ቲርጉል የምትመራዋ ወጣት አስተማሪ። ቲርጉል የሚሉት ከትልቁ አዳራሽ ትምህርት በኋላ ሃያ ተማሪ አንድ ክፍል ተቀምጦ የሚወያይበትን ሰዓት ነው። መወያየቱ ነው የጠፋው። "ስጠይቃቸው ሁሉም ጠረጴዛውን ያያሉ" አለችኝ። "የሚመልስልኝ የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እሱም ይንኳኳል፤ መቼ ትሠራልኛለህ?" ስለዚህ ብሎግ ከፈተች። ተማሪዎቹ በሳምንቱ ውስጥ ከየቤታቸው ይጽፋሉ፣ አንዱ ለአንዱ ይመልሳል፤ ማክሰኞ ክፍል ሲገቡ ጨዋታው ተጀምሮ ይቆያቸዋል።

"ማን ነው ማንበብ የሚችለው?" አልኳት።

"የፈለገ።"

"እኔም?"

"አንተም፣ ቢምረው።"

ስለ ምስክር ወረቀቴ ነገርኳት። አልጠየቀችኝም ነበር።

እኅቴ ቲቲ እዚያ ክፍል ውስጥ መሆኗን ግን አልነገርኳትም። ቲቲ "ኮሌጅ ውስጥ አታውቀኝም፣ አላውቅህም" ብላኛለች። በሥራዬ አፍራ አይደለም። "በቀልድህ ነው የማፍረው" ብላለች። እንዲያ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 16

ቸኩያለሁ። አንደኛ ፎቅ ውሃ ሞልቷል። ከብሎጉ አንድ ገጽ አነበብኩ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ለያኮቭ አምስት ነው ያልኩት። ያኮቭ የበሩ ዘበኛ ነው፤ የጎንደር ሰው፣ በዕድሜ ታላቄ። "ታዲያ ምን ይላል?" አለኝ። "ጥልቅ ነገር ነው" አልኩት።

ቅዳሜ ማታ፣ ማርች 18

ሰንበት ወጣች። በሰንበት አይጻፍምና ነገሩ ሁሉ ተጠራቅሞብኛል።

ዓርብ ቲቲ ለእራት መጣች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ውጭ ፖሌግ ሰፈር ልብስ መደብር ትሠራለች። አባታችን አገር ቤት ቀሩ፤ ስንመጣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ በዓመቱ እናታችን ሞተች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። "አያ" ትለኛለች።

"ኮሌጁ የተቀበለኝ በሙከራ ነው" አለች ሰላጣውን እየቆረጠች። "በዚህ ትምህርት ሰባ አምስት ካላመጣሁ ያስወጡኛል። ከመቶው ሠላሳው ደግሞ የቲርጉል ነው።"

"ተናገሪያ ታዲያ።"

"አልችልም፣ አያ። ሰው ፊት አፌን ስከፍት የሌላ ሰው ቃል የምናገር ይመስለኛል። አሁን ግን በብሎግ ሆነልኝ። እስከ ሜይ መጨረሻ ስምንት አስተያየት ከጻፍኩ ሠላሳው ይያዝልኛል።"

የሌላ ሰው ቃል የምትለው የእኔን መሆን አለበት። እዚህ ከገባን ጀምሮ አስተርጓሚዬ እሷ ነበረች። ባንክ፣ ሐኪም ቤት፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ። "ይህን ጸሐፊ አህያ ነህ በይልኝ" እላታለሁ። ረዘም ያለ ነገር ትናገራለች፤ ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ማኅተሙን ይመታል። ስንወጣ "አህያ አልሽው?" ስላት "ትንሽ አለስልሼ" ትለኛለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። በእሷ አፍ ኔታንያ ውስጥ ጨዋ ሰው ተብዬ ታወቅኩ። መልካም አስተዳደግ ማለት ይህ ነው፤ አሳዳጊው እኔ፣ ምስክሩም እኔ።

የእናታችን አዝካራ ሜይ 18 ይውላል፤ አሥራ አምስተኛ ሙት ዓመቷ። ንግግሬን ማሰላሰል ጀምሬአለሁ። በየዓመቱ ያንን ዶክተር የምረግመው እኔ ነኝ። ዘመድ የሚመጣው ለመታሰቢያው ነው እላለሁ፤ ያኮቭ ለእርግማኑ ነው ይላል። "ለሻቩዖት በዓል ቤቷ ትገባለች" ብሎ ያታለለኝ ዶክተር። አምኜው ክፍሏን ቀለም ስቀባላት፣ እሷ ሆስፒታል ውስጥ ብቻዋን ሞተች። አምና እርግማኑን ምላሱ ላይ ነበር ያቆምኩት። ዘንድሮ ወደ ጥርሱ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 21

የሐጊት የሳምንቱ ጥያቄ፦ ልጅ ለወላጆቹ ማስተርጎሙ ጸጋ ነው ወይስ ሸክም?

ራዝ የሚባል ተማሪ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ የሚያስር፣ ጸጋ ነው ብሎ ጻፈ። ከሩሲያ የመጡ አያቱን ባንክ እየወሰደ ሲያስተረጉም ኩራት ይሰማው ነበር። ደግ ልጅ።

ከሥር ቲቲ፦ "ልጅ የትልቅ ሰው አፍ ሲሆን የራሱ አፍ የት ይሄዳል?"

ራዝ፦ "አጋነንሽው።"

ቲቲ፦ "አንተ ባንክ ነው የሄድከው። እኔ የሄድኩበትን አታውቅም።"

ከዚያ አምስት ሰው ገባ፤ ግማሹ ከእሱ፣ ግማሹ ከእሷ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስም አልጠራችም፤ ለማን እንዳስተረጎመች የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም። እኔን የሚመለከተኝ ሌላ ነው። ይህ ጠብ ነው። ሰው ፊት፣ በጽሑፍ፣ አገር ሁሉ እያየው።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ቲቲ እንደገና ጻፈች። ሦስተኛዋ ነው። ረጅም ነው፤ ግማሹ ላይ ዕረፍቴ አለቀ። "ማንም ልጅ ፈቃደኛ ነሽ ወይ ተብሎ አልተጠየቀም" የሚለው ጋ ደረስኩ። ራዝ እሳት ጎርሶ መልሶላታል።

ያኮቭን "እንዲህ ያለ ነገር ዝም ይባላል?" አልኩት። "የትስ አገር" አለኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 29

አስታረቅኳቸው። ዛሬ ልኩራ።

ብቻውን የሚሸመግል የለምና ያኮቭን ይዤ፣ ከሕንጻው ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሎሚናትና የሱፍ ፍሬ አቀረብኩ። ሁለቱን አስጠራሁ። አስቀድሜ ለየብቻ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ለእሱ አልቅሳለች አልኩት፣ ለእሷ ተጸጽቷል አልኳት። ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ራዝ።

"እሱን ሽማግሌ ይነግርሃል። ተቀመጥ" አለው ያኮቭ።

"እኛ እኮ አልተጣላንም።"

"የተጣላ ሁሉ እንዲያ ነው የሚል።"

ቲቲ "አያ፣ ይህ ትምህርት ነው" አለችኝ በዝግታ። "ትምህርትም ቢሆን ሰው ፊት ነው" አልኳት። ያኮቭን አየችው። በሌላ ሽማግሌ ፊት ታላቅ ወንድምን አይመልሱለትም፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አቀረቀረች። "ይቅር ለእግዜር" አለች። ራዝም በአማርኛ ተከትሎ አላት፤ እንዴት ያለ አነጋገር። ያኮቭ ጉልበቱን ሲዘረጋለት ጎንበስ ብሎ ሳመው። ያኮቭ በር ሲጠብቅ በኖረበት ዘመን ሁሉ ጉልበቱን የሳመው ፈረንጅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንባ እንባ አለው።

ከዚያ ቃል አስገባኋቸው። "ይህን ነገር ከእንግዲህ በአፍም በጽሑፍም አታነሡት።" በጽሑፍም የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዘመናዊ ሽማግሌ።

ቲቲ የሱፍ ፍሬውን ሳትነካ ሄደች።

ማክሰኞ፣ አፕሪል 18

የፋሲካው ዕረፍት አለቀ። ቲቲ በዓሉን ከጓደኞቿ ጋር ዋለች። ብሎጉን ከፈትኩ። ራዝ "በሁሉም ነገር ከቲቲ ጋር እስማማለሁ" ይላል። ቲቲ "አመሰግናለሁ" ትላለች። የቀሩት አውራ ጣት ለጥፈዋል። አሥራ ስምንት አውራ ጣት።

እንዴት ያለ ሰላም። በአንድ ደቂቃ አንብቤ ጨረስኩት።

ሐሙስ፣ አፕሪል 20

ሐጊትን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ብሎጉ ሞተብኝ አለች። "ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ሲከራከሩ ሌላውን ሁሉ ይጎትቱት ነበር። አሁን ምን እንደነካቸው አላውቅም። ሜይ 9 የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጥተው ይቀመጣሉ። እንዲህ ዝም ካሉ ወደ ድሮው እንመለሳለን፤ በአፍ የተናገረ ነጥብ ያገኛል፣ ያልተናገረ አያገኝም።"

የአየር ማቀዝቀዣውን ላየው ነበር የወጣሁት። ሳላየው ተመለስኩ።

እሑድ፣ አፕሪል 23

ነገርኳት። የሱፍ ፍሬው፣ ጉልበቱ፣ ሁሉም። ሐጊት እስክታለቅስ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ግን ሳቋ ቀርቶ ነበር።

"ቢምረው፣ እኔ የምፈልገው እኮ ጠቡን ነው።"

"ጠብ ትምህርት ነው?"

"ይህ አይነቱ፣ አዎ።"

ቲቲ ሦስት ጽፋለች፤ "አመሰግናለሁ" አይቆጠርም። አምስት ይቀራታል። ወደ ድሮው ከተመለሱ ደግሞ ስምንትም ቢሆን ዋጋ የለው። እንግዲህ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ሰው፣ ማንበብ በቻለ በመጀመሪያው ወር ያደረገው ይህን ነው።

እሑድ፣ አፕሪል 30

እርቁን ላፈርስ ሞከርኩ። ያኮቭ "እርቅ አፍርሼ ምን ፊት ይዤ ሰንበት ጸሎት ቤት እገባለሁ?" ብሎ ከበሩ አልነቃነቅም አለ። ብቻዬን ሄድኩ። ራዝ "እኔ ቃል ገብቻለሁ፣ ቢምረው፤ ጉልበት ስሜአለሁ" አለኝ። ከእኛ ይልቅ ጎንደሬ ሆኖ አረፈው።

ቲቲን አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ጠበቅኳት። "እኅቴ፣ ያልኩትን ተይው፣ ጻፊ" አልኳት።

"ዝም በይ ስትለኝ ዝም፣ ተናገሪ ስትለኝ መናገር" አለች። "አሁንም አስተርጓሚህ ነኝ?"

አውቶቡሷ መጣ። መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ። የመጣልኝ ግን ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ እሱም ጥሩ አልነበረም።

ሰኞ፣ ሜይ 1

መላ አገኘሁ። ቃል የገቡት ሁለቱ ናቸው። እኔ ቃል አልገባሁም። እኔ ከተከራከርኳት መመለስ ትችላለች። የጎንደር ፍርድ አዋቂ ቢሰማኝ ካባ ያለብሰኝ ነበር።

ብሎጉ ላይ የምጽፈውን ዕብራይስጥ ማናለሽ እንድታርምልኝ ለመንኳት። "የራስህን ስሕተት ራስህ ላከው" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 2

ሁለት ቀን የፈጀ ነው። ላክሁት። እዚህም እንዲቀመጥ፦

"እኔ ቢምረው ነኝ፣ የዚህ ሕንጻ የቤት አባት። ልጅ ሲያስተረጉምልኝ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኅቴ ቲቲ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ አስተርጉማልኛለች፤ ምንም አልጎዳትም። እንዲያውም ብልህ ሆነች። አንድ ቀን አልተሳሳተችም። እናታችን ስትታመም የተሳሳተው ዶክተሩ ነው። ለሻቩዖት ትገባለች ብሎ የዋሸው እሱ ነው፤ ልጅቷ ያለውን ብቻ ነው የነገረችኝ። ስለዚህ ራዝ ልክ ነው።"

እንድትመልስልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ግን ያመንኩበትን ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 4

መለሰች። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። አላለሰለስኩትም።

"ወንድሜ ተሳስቷል። ዶክተሩ አልዋሸም። አሥር ዓመቴ ነበር። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ 'እናትሽ ይህን ሳምንት አታልፍም፤ ወንድምሽ ከአጠገቧ አይራቅ በይው' አለኝ። ወንድሜ 'ምን አለ?' ብሎ ፊቴን ያያል። አዲሱን ጃኬቱን ለብሶ ነበር። 'ለሻቩዖት ቤት ትገባለች አለ' አልኩት። ወንድሜ ደስ ብሎት የዶክተሩን እጅ ሳመ። በማግስቱ ቀለም ገዛ። እሷ በአራተኛው ቀን ሞተች። ወንድሜ ከዚያ ጀምሮ ዶክተሩን ይረግማል። እኔ ከዚያ ጀምሮ ሰው ፊት አልናገርም። ራዝ፣ እኔ የሄድኩበት ይህ ነው።"

ዓርብ፣ ሜይ 5

ሁለተኛ ፎቅ ቧንቧ ፈነዳ። ሥራ በዝቷል። እራት ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ ማታ፣ ሜይ 6

ቀለሙ ነጭ ነበር። ሁለት ባልዲ። የመስኮቱን ዙሪያ ሰማያዊ አደረግሁት፤ ሰማያዊ ትወድ ነበር። አልጋዋን ፀሐይ እንዲያገኛት ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አሁንም ብጠየቅ የትኛው ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደተቀባ አውቃለሁ።

ቲቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አያ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አለችኝ። "ስጨርስ" አልኳት። ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ። እናቷ ናፍቃት ነው ብዬ ብሩሽ ሰጠኋት። ከታች ያለውን ቀባች፣ ቁመቷ የሚደርስበትን።

አሥራ አምስት ዓመት፣ በየአዝካራው፣ ዘመዱ ሁሉ በእርግማኔ አፉን ሲከፍት ዳቦውን የምታቀብል እሷ ናት። ያኔ ፊቷን አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቀልድ ፈለግሁ። የለም።

እሑድ፣ ሜይ 7

የ304ን አየር ማቀዝቀዣ ሠራሁ። ትንሽ ብሎን ነበረች የላላችው። ሐጊትን ሁለት ወር ያስጠበቅኳት ለዚህች ነው።

ብሎጉ ላይ ሃያ ሦስት አስተያየት አለ። ራዝ "ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቄ ቃሌን አፈርሳለሁ" ብሎ ጀምሯል። ቲቲ ሁለት ጊዜ መልሳለታለች። ስለ እኔ የሚጠይቁም አሉ። ከታች ባዶ ሳጥን አለ፤ አስተያየትህን ጻፍ ይላል። ከፊቱ ተቀምጬ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 9

ከ304 በር ፊት ያለው አምፖል አልተቃጠለም ነበር። መሰላሉን አቁሜ ፈታሁት።

የክፍሉ ኃላፊ ውስጥ ናቸው። አየር ማቀዝቀዣው ስለማይንኳኳ ሁሉም ይሰማል። ራዝ "ጥፋቱ የዶክተሩ ነው፤ ልጅን ማናገር አልነበረበትም" አለ። አንዲት ልጅ "ሌላ ማን ነበረ ታዲያ?" አለች። ከዚያ ሌላ ድምፅ። አላወቅሁትም። በአማርኛ እንጂ በዕብራይስጥ እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔ ስታስተረጉም ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነበር። አልተጣደፈችም። አንዴ አሳቀቻቸው። ማሳቅን ከማን እንደተማረች ልናገር አልችልም፤ ትሕትናዬ ነው።

ራዝ "ወንድምሽ ምን መለሰልሽ?" አላት።

"ገና አልመለሰም።"

አምፖሉን አሰርኩት። ፈታሁት። አሰርኩት። ትምህርቱ ካለቀ በኋላም ሩብ ሰዓት አልወጡም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 16

ሐጊት ብሎጉ ይቀጥላል አለችኝ። የቲቲ ሰባት ደርሷል። ቆጥሬአለሁ። ሳጥኑ አሁንም ባዶ ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 19

ሰንበት ሳትገባ ልጽፈው።

ትናንት አዝካራው ነበር። ቤቴ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቲቲ መጥታለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበረች፣ ግን አላየችኝም። ያኮቭ "ዘንድሮ ጥርሱ ነው አይደል?" ብሎ ጎሸመኝ።

ቆምኩ። ቲቲ የዳቦውን ሰፌድ ይዛ በሩ ጋ ነበረች።

"ያንን ዶክተር ሰው ፊት ረግሜዋለሁ፤ ሰው ፊት እፈታዋለሁ" አልኩ። "እውነቱን ነው የነገረኝ። እኅቴም እንዳለው አስተርጉማልኛለች። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት። ቤት ትገባለች ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አጠገብ መቀመጥ ፈርቼ ቀለም ቀባሁ።"

ያኮቭ "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታዲያ?" አለ።

"አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ።"

አክስታችን ከወዲያ ጥግ "እኔ እኮ ለእርግማኑ ብዬ ነው ከሐዴራ የመጣሁ" አሉ። ሰው ሳቀ፣ ዳቦው ዞረ። ሰፌዱን እኔ ነኝ ያዞርኩት።

ሰው ሲወጣ ኩሽና ገባሁ። ታጥባለች። ፎጣ ይዤ ከጎኗ ቆምኩ።

"አያ" አለች፣ ሳትዞር። "እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም።"

"አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ ያልከው ምንድን ነው?"

"ትንሽ አለስልሼ ነው" አልኳት።

ውሃውን ዘጋች። ከዚያ ሳህኑን አቀበለችኝ።

"አንድ ይቀረኛል" አለች። "በስምንተኛው አርምሃለሁ፣ ሁሉም እያየ።"

"አርሚኝ" አልኳት።